በዱቄት ሚዛን

ሱቄ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፤
መስኮቱ በወንዙ ጉም እንዳላበው ያረፍዳል፣ እንደ ድስት ክዳን ጠብታ አንጠልጥሎ።
በዚያ ማክሰኞ፣ ገና መብራቱን ሳላበራ፣ ዙልሚራ ገባች በሩን ገፍታ፣
ቅንድቧ ላይ ዱቄት፣ ክንዷ ላይ የመጋገሪያ ጠባሳ፣ ከሌሊት ሥራዋ ወጥታ።

"ስኩተር ፈልጌ ነው፣" አለች። "ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ባቡር የለም፣ አውቶቡስ የለም፤
ዳቦ ቤቱ ድልድዩን ተሻግሮ ነው፤ እግሬ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም።
ልጄ ኤሊዲዩ ፎቶ ልኮልኛል፤ ጥቁር ነው፣ እንደ ሌሊት ወፍ፤
'እማ፣ ይሄን ግዢ፣ ይበራል' ይላል፤ እኔ መድረስ እንጂ መች አማረኝ መክነፍ?"

እኔ ሻጭ ነኝ፤ አፌ ከእጄ ይቀድማል።
"ይሄ ስልሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣" አልኩ፤ "ይሄ ዳገት እንደ ፍየል ይወጣል፤
ይሄ በስልክ ይቆለፋል፤ ይሄ ከኋላው የሚያበራ ጭራ አለው፤
ይሄኛው ባለ ሁለት ሞተር ነው፤ ወጣቶቹ የሚሻሙበት ይሄን ነው።"

ጭራውንም ፍየሉንም አልሰማችም። ጎንበስ አለች፣
ባለ ሁለት ሞተሩን አንገቱን ይዛ እንደ ጆንያ ብድግ አደረገች።
"ሃያ ስድስት ኪሎ፣" አለች፤ "አንድ ጆንያ ዱቄት፣ ከነምርቃቱ።"
መለያውን ገልብጬ አየሁ፤ ሃያ ስድስት፤ ግራም አልዛነፈ ከእውነቱ።

"የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለው፤ ሰባ አንድ ደረጃ፤
ከታች ባቆመው ይሰርቁታል፤ አምና የልጄን ብስክሌት ወሰዱት፣ ሰንሰለቱን ትተው ለማስረጃ።"

ከዚያ ቀላሉን አነሳች፤ ባለ አሥራ ሁለት ኪሎውን፤
"ይሄ እንደ እርሾ ነው" ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ አየች ጎማውን።
ድፍን ጎማ፣ አየር የማያውቅ። በአውራ ጣቷ ጫነችው፣
ሊጥ እንደምትፈትን፤ አልሰረጎደላትም፤ ተወችው።
"በዚህ በጥርብ ድንጋዩ መንገድ ይሄ ጥርሴን ያረግፈዋል፤
ያልቦካ ነገር፣ ወንድሜ፣ ሆድ ውስጥም መንገድ ላይም ያው ነው፣ ይከብዳል።"

አርባ ኪሎ ሜትር የሚለው ጽሑፍ፣ ይኸው አሁን ልናዘዝ፣
የተለካው ሜዳ ላይ ነው፤ ቀጭን ሰው ጭኖ፣ ያለ ንፋስ፣ ያለ ጓዝ።
ፖርቶ ደግሞ ሜዳ የላትም፤ ወይ ወደ ወንዙ ትወርዳለች፣
ወይ ከወንዙ ትወጣለች፤ ዝናብ ሲነካት ታንሸራትታለች።

ይህን ለደንበኛ ነግሬ አላውቅም።
ለእሷ ነገርኳት።
ለምን እንደሆነ እንጃ።

መካከለኛውን አወጣሁላት፤ አሥራ ሰባት ኪሎ፣ ጎማው አየር የሚጠጣ፣
ፍሬኑ ከበሮ ውስጥ የተሸሸገ፣ የማይደነግጥ ዝናብ ቢመጣ።
"አርባ የሚለውን ሃያ በይው፤ መንገድሽ ደርሶ መልስ ዘጠኝ ነው፤ ይበቃሻል፤
ጠዋት ሶኬት ላይ ሰክተሽው ተኚ፤ አንቺ ስትነቂ እሱም ጠግቦ ይነቃል።"

በጓሮው ጠባብ ደረጃ ተሸክማው ወጣች፤
ሃያ ሁለት ነው፤ ሦስት ጊዜ ወጣች፣ ሦስት ጊዜ ወረደች፤
ሰባ አንድ ሊሞላ አምስት ሲቀር ቆመች፣
ግድግዳውን ተደግፋ ተነፈሰች፤
"አምስቱን ቤቴ እጨርሳቸዋለሁ" አለች።

ከፈለች፤ ባለ አሥርና ባለ አምስት ዩሮ፣ ዱቄት የነካካቸው ኖቶች፤
መቁጠሪያ ማሽኔ ሁለቴ ተፋቸው፣ እንደ ሐሰተኞች።

ከዚያ ወዲህ፣ እንቅልፍ ባጣሁበት ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ፣
ከሱቁ በላይ ካለው መስኮቴ አንዲት ትንሽ ብርሃን አያለሁ፣ በጉሙ ውስጥ ስትሳብ።
ጎማው እርጥቡን ድንጋይ ሲልሰው እሰማለሁ፤
ኩርባው ላይ ፍሬን ትይዛለች፤ እኔም አልጋዬ ላይ እግሬን እተክላለሁ።
ዳገቱን ስትመለስ ግን አላያትም፤ ያን ጊዜ ቁጥር ስሸጥ እገኛለሁ።

ባለ ሁለት ሞተሩ አሁንም መስኮቱ ላይ ነው፤ ጭራው ይበራል፤ ዋጋውን ሁለቴ ቀንሻለሁ።
መለያው ላይ፣ ከኪሎ ሜትሩ በላይ፣ በእጄ ጽፌበታለሁ፦
"ክብደቱ አንድ ጆንያ ዱቄት።
ስንተኛ ፎቅ ነው የምትኖሩት?"